ኳስ፣ እጅና ዕጣ

ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ ተሻግረው በዚያው የቀሩ ቃላት ጥቂት አይደሉም። ቡና ቤት ስንገባ ማኪያቶ እንላለን፤ ጋራዥ ስንገባ ሞላና ካቻቢቴ እንላለን፤ መጫወት ሲያምረን ደግሞ ከረንቡላ፣ ቶምቦላ፣ ጆተኒ እንላለን። ከእነዚህ ሁሉ ዘወትር የሚያስገርመኝ የመጨረሻው ነው። ጣልያኖች «ጄቶኒ» ሲሉ በገንዘብ ፈንታ ወደ ማሽን ቀዳዳ የሚገቡትን ክብ ክብ ብረቶች ማለታቸው ነው። የጠረጴዛውን እግር ኳስ ግን እነርሱ «ካልቾ ባሊላ» ብለው በሌላ ስም ይጠሩታል። ጆሮዬ ሁለቱን ቃላት ሳያዛምድ አያልፍምና፣ ጆተኒ የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር ከኳሷ ድምፅ በፊት የሳንቲሙ ድምፅ ይሰማኛል።

ይህ የሳንቲም ድምፅ በጨዋታ ላይ ሲነሣ የኖረውን ክስ ያስታውሰኛል። ሳንቲም የገባበት ጨዋታ ቁማር ነው ወይስ ጨዋታ? ወላጅ፣ መምህር፣ ፖሊስና ሹም በየዘመኑ ይህን ጠይቀዋል፤ መልሱንም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ብቻ በማየት ሰጥተዋል። እኔ ግን፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ከገንዘቡ ሳይሆን ከእጁ መጀመር አለበት እላለሁ። ኳሷ ስትንከባለል የተጫዋቹ እጅ የት ነው? የዚህች ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ንፋስ መውጫ ስሟን በትክክል የምትሸከም ከተማ ናት። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደውና «የቻይና መንገድ» እያልን በምንጠራው ጎዳና ላይ ተዘርግታ የደጋውን ንፋስ ከየአቅጣጫው ትቀበላለች። ከላይ ጋይንት ምድር የሚወርደው ውኃ ገሚሱ ወደ ተከዜ፣ ገሚሱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይሄዳል። እንዲህ ባለ አገር ደልዳላ መሬት ብርቅ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚጀምረው አፈር በመቁረጥ ነው፤ ኳስ የሚጫወት ልጅም ግማሹን ጊዜ የሚያጠፋው ቁልቁል የሸሸች ኳሱን በማሳደድ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እኛ ልጆች ሳለን፣ በመንገዱ ዳር አንድ የጆተኒ ጠረጴዛ ነበረ። ባለቤቱን «አሥር አለቃ» እያልን እንጠራው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አንድ እግሩን እየጎተተ ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር ነው። ጠረጴዛውን የከተማው አናጢ ሠራለት፤ ዘንጎቹ ተራ ብረት፣ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ደግሞ በእንጨት የተጠረቡ ነበሩ። ገሚሶቹ ቀይ፣ ገሚሶቹ ሰማያዊ ተቀብተው ነበር፤ ይሁንና ንፋስና ፀሐይ ቀለሙን ስለበሉት ቡድኑን የምንለየው ከቀለሙ ይልቅ ከቆምንበት ጎን ነበር። ለአንድ ጨዋታ ሰባት ኳስ ይለቅልናል፤ ዋጋው ስሙኒ ነው። ስሙኒውንም የሚከፍለው ተሸናፊው ነው።

ከሁሉ በላይ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን አሥር አለቃ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛውን የሚያሰናዳበት ሥርዓት ነው። ሸራውን ይገፍፋል፤ ኳሷን መካከል ላይ ያስቀምጥና እጁን ያነሣል። ኳሷ ወደ አንድ ጎል ከተንከባለለች ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገባል። እንደገና ያስቀምጣታል፤ እንደገና ያያታል። ግንበኛ ውኃ ልክ ይዞ እንደሚሠራ፣ የእርሱ ውኃ ልክ ኳሷ ራሷ ነበረች። ባለችበት ጸጥ ብላ እስክትቆም ድረስ ማንም ዘንግ አይነካም። በሌሊት ከብት ጠረጴዛውን ገፍቶት ካደረ ሥራው ረዥም ይሆናል፤ እኛም በብርድ እየተንቀጠቀጥን ጋቢያችንን አጣፍተን እንጠብቃለን።

«አሥር አለቃ፣ ይበቃል እኮ! ይልቀቁልን!» እንለዋለን።

«ዘንባላ ሜዳ ላይ አሸነፍሁ የሚል ሌባ ነው» ይለናል።

ሌላም ሕግ ነበረው። ዘንጉን እንደ ወፍጮ ማሽከርከር ክልክል ነው። ዘንግ የሚያሽከረክር ልጅ ኳሷ የት እንደምትሄድ አያውቅም፤ ቢያገባም አግብቷል አይባልም። ጎሉ ይሰረዛል፤ ኳሷም ወደ መካከል ትመለሳለች። ያን ጊዜ ይህ ደንብ ተራ ክልከላ ይመስለን ነበር። የፒንቦልን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን በሌላ አገር የከተማ ምክር ቤቶችና ፍርድ ቤቶች ለአርባ ዓመታት ያህል የተከራከሩበትን ነገር አሥር አለቃ በአንድ ክልከላ ጨርሶት እንደነበረ ገባኝ።

ወላጆቻችን ግን ድንጋዩንም ክልከላውንም አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ስሙኒውን ነው። ለእነርሱ ጠረጴዛው የቁማር ቤት፣ በዙሪያው የቆመውም ልጅ ዱርዬ ነው። ነገሩ የሚገርመው እነዚያው ወላጆች ለሌላ ጨዋታ ልባቸው ሰፊ መሆኑ ነው። በገና ዕለት ጎልማሳው ከጎረምሳው ጋር በሩር ሲራኮት፣ ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚለው የአባቶች ወግ ይከበር ነበር። ድንጋይ ላይ ተፈልፍሎ የሚገኝ ገበጣም ማንንም አያስቀይምም። ጆተኒ የተጠላው እንግዳ ስለሆነና ሳንቲም ስለገባበት ነው።

እንግዳው ጨዋታ የተወለደበት ታሪክ ግን ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሃሮልድ ቶርንተን የተባለ ሰው የጠረጴዛ እግር ኳስን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1923 አስመዝግቧል። በስፔን ደግሞ ጨዋታው ከአንድ ባለቅኔ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ ይባላል፤ ገጣሚም አሳታሚም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ማድሪድ በቦምብ ስትደበደብ ፍርስራሽ ተጭኖት ቆሰለ። በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንደ እርሱ የቆሰሉና ኳስ ሜዳ መውጣት የማይችሉ ልጆችን አየ። እግር ለከዳቸው ልጆች በእጅ የሚጫወቱት እግር ኳስ ቢኖር ብሎ አሰበ፤ አንድ የባስክ አናጢም ጠረጴዛውን ሠራለት። በ1937 መጀመሪያ ባርሴሎና ላይ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ነገር ግን በስደት የፒሬኔስን ተራሮች እያቋረጠ ሳለ ወረቀቶቹ በዝናብ እንደተበላሹበት ራሱ ተናግሯል። ፊኒስቴሬ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያርፍ ብዙዎች ያስታወሱት ከግጥሞቹ ይልቅ በጠረጴዛው ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እግሩን እየጎተተ ድንጋይ የሚያስገባው ሰው በዓይኔ ላይ መጣ።

ፒንቦልን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያወቅሁትም ማሽኑን ሳይሆን ጥላውን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ኮምፒውተሮቻችን ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው ነበሩ፤ በውስጣቸውም ካርታና ፈንጂ ፍለጋ ከተሰኙት ጨዋታዎች ጎን ለጎን «ስፔስ ካዴት» የሚባል ፒንቦል ነበረ። ባለጉዳይ ሲጠፋና መብራት ሲኖር ሁላችንም እንጫወተው ነበር። ረዥሙን ቁልፍ ተጭነው ሲለቁት ኳሷ ወደ ላይ ትወረወራለች፤ ከዚያ በየመብራቱና በየምሰሶው እየተላተመች ትወርዳለች። ከታች ሁለት ትንንሽ መቅዘፊያዎች አሉ፤ ኳሷ ወደ ጉድጓዱ ልትገባ ስትል በእነርሱ መትቶ መመለስ ነው። ጣልያኖችም ፈረንሳዮችም ማሽኑን በሙሉ «ፍሊፐር» ብለው የሚጠሩት በእነዚህ መቅዘፊያዎች ስም ነው።

ስሙ ትክክል ነው፤ መቅዘፊያዎቹ ባይኖሩ ጨዋታው ባልኖረም ነበርና። የሚገርመው ግን ማሽኑ ያለ እነርሱ ረዥም ዘመን መኖሩ ነው። የፒንቦል አያት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የፈረንሳይ መኳንንት ይጫወቱት የነበረው «ባጋቴል» ነው፤ ቀዳዳና ችካል ባለው ጠረጴዛ ላይ ኳስ በዘንግ እየተገፋ ይጫወቱታል። እ.ኤ.አ. በ1871 በአሜሪካ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ሞንታግ ሬድግሬቭ በዘንጉ ፈንታ በሞላ የሚወረወር ማስፈንጠሪያ ሠራለት። በ1931 ደግሞ ዴቪድ ጎትሊብ «ባፍል ቦል» የተባለውን ማሽን ገበያ አወጣ። ጊዜው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነበር። ሥራ የፈታ ሰው በአንድ ሳንቲም ጥቂት ኳሶች ገዝቶ ጭንቀቱን ይረሳ ነበርና ማሽኑ በአሥር ሺህ ቁጥር ተሸጠ። በዓመቱ «ባሊሁ» የተባለው ተከተለ።

ታዲያ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የተጫዋቹ እጅ የት ነበር? ማስፈንጠሪያው ላይ ብቻ። ኳሷ ከተለቀቀች በኋላ ቆሞ ከማየት በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ችካሎቹ እንደ ወደዱ ይመሯታል፤ በመጨረሻ ወደ አንዱ ቀዳዳ ትገባለች። ትዕግሥት ያጣ ተጫዋች ጠረጴዛውን ይገፋል፣ ያነሣል፣ በጉልበቱ ይመታል። ይህን ለመከላከል በ1930ዎቹ ሃሪ ዊሊያምስ ማሽኑ ከልክ በላይ ሲነቀነቅ ጨዋታውን የሚያቆም መሣሪያ ፈጠረ። በጥቂቱ መወዝወዝ ተፈቀደ፤ ማናወጥ ተከለከለ።

ባለሱቆች ብዙ ነጥብ ላገኘ ሰው ሽልማት መስጠት ሲጀምሩ ክሱ ተነሣ። ኳሷን የሚመራት ዕድል ከሆነ፣ ሽልማትም ካለው፣ ከቁማር በምን ይለያል? የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ እ.ኤ.አ. በ1942 ፒንቦልን ከከተማው አገዱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖች ተለቅመው ተሰባበሩ፤ ከንቲባው ራሳቸው መዶሻ ይዘው ሲሰብሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። እንዲያው በሐቅ ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ክሱ መሠረት ነበረው።

ነገሩን የለወጠው ጠበቃ ሳይሆን መሐንዲስ ነው። በ1947 በጎትሊብ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሃሪ ማብስ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለው ማሽን ጎንና ጎን ስድስት መቅዘፊያዎች ተከለ። በማግሥቱ ዓመት ስቲቭ ኮርዴክ ስድስቱን ወደ ሁለት ቀንሶ ከታች፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አኖራቸው። ከዚያ ወዲህ ኳሷ ስትወርድ ሰውየው የሚያደርገው ነገር አገኘ። መቼ እንደሚመታ፣ መቼ አቁሞ እንደሚያነጣጥር፣ መቼ እጁን እንደሚሰበስብ መማር ጀመረ። ጨዋታው ከዕጣ ወደ እጅ ተሻገረ።

ሕግ ግን ከማሽን ይዘገያል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሎስ አንጀለስን እገዳ የሻረው በ1974 ነው። በኒው ዮርክ ጉዳዩ በ1976 ለከተማው ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት የመጽሔት ጸሐፊ ለምስክርነት ተጠራ። ሁለት ማሽኖች ቀርበው ነበር፤ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ተንኮል እንዳይኖር ጠርጥሮ በተጠባባቂው እንዲጫወት አዘዘ። ሻርፕ መቅዘፊያዎቹን ሲያሠራ ኳሷን የት እንደሚልካት አስቀድሞ እየተናገረ ላካት። በመጨረሻም ማስፈንጠሪያውን ስቦ «በመካከለኛው መንገድ ትወርዳለች» አለ፤ እንዳለውም ወረደች። እገዳው ተነሣ። በዚያች የመጨረሻ ውርወራ ዕድልም እንደረዳው ሻርፕ ራሱ በኋላ አልደበቀም። እኔም ታሪኩን የምወድለት ስለዚህ ነው፤ የሠለጠነ እጅ ዕድልን አያጠፋትም፤ ስትመጣ ግን ተዘጋጅቶ ይቀበላታል።

ከዚያ በኋላ ፒንቦል ደጋግሞ ሞተ ሲባል ደጋግሞ ተነሣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደወሉና ማብሪያው በኤሌክትሮኒክስ ተተካ፤ ወዲያው የቪዲዮ ጨዋታዎች መጥተው ተጫዋቹን ወሰዱበት። በ1992 «አዳምስ ፋሚሊ» የተባለው ማሽን ከ20,000 በላይ ተሸጦ አዲስ ተስፋ ሰጠ፤ በ1999 ግን ትልቁ አምራች ዊሊያምስ የፒንቦል ክፍሉን ዘጋ። ስተርን የተባለው ፋብሪካ ብቻውን ለዓመታት እሳቱን አቆየ፤ ዛሬ ጥቂት ሌሎችም ተጨምረዋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ፒንቦልም መጨረሻው አስገራሚ ነው። ከኤክስፒ በኋላ በመጣው ዊንዶውስ ውስጥ ጨዋታው አልተገኘም። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን በኋላ እንደጻፈው፣ ፕሮግራሙን ለአዲሱ ባለ64 ቢት ኮምፒውተር ሲያሰናዱት ኳሷ ማንንም ሳትነካ እንደ መንፈስ በነገሮች ሁሉ ውስጥ እያለፈች ወደ ታች ትወድቅ ነበር። የጥፋቱን ምንጭ ማግኘት ስላቃታቸው ጨዋታውን አስቀሩት።

አሁን ሁለቱን ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ላቁማቸው። ፒንቦል ያለ ዘንባላ አይኖርም፤ የዘመኑ ማሽን ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነብላል፤ ሰማንያ ግራም የምትመዝነው የብረት ኳስም ፈጠነች ዘገየች ወደ ታች መውረዷ አይቀርም። የተጫዋቹ ጀግንነት ማዘግየት ነው። ጆተኒ ግን ያለ ደልዳላ አይኖርም። ፊት ለፊትህ እንዳንተው ያለ ሰው ቆሟል፤ ሜዳው ለሁለታችሁ እኩል ካልሆነ ጨዋታው ራሱ ሐሰት ይሆናል። ሕይወትን ከሁለቱ በየትኛው እንመስላት? በጋይንት ተራራ ላይ ያደገ ሰው መልሱ አያስቸግረውም። መሬቱ ያዘነብላል። ስለዚህም ነው ድንጋይ የሚያስገባ ሰው የሚያስፈልገው።

በአሥር አለቃ ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበርነው ሁሉ የሚበልጠን አብሮ አደጌ ነበር። ግራኝ ነው፤ የእጁ አንጓ ሲዞር አይታይም፤ የሚሰማው ኳሷ የጎሉን እንጨት ስትመታ ነው። የስሙኒ ዕዳ ገብቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚከፍለው ሌላው ነበርና። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አባቱ ሞቱ፤ በዚያው ክረምት ገብሳቸውን በረዶ መታው። ትምህርቱን ትቶ መጀመሪያ ለሰሊጥ አረማ ወደ ሁመራ፣ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሰፈሩም ፍርዱን ሰጠ፦ «ጆተኒ አጠፋው!» በረዶውን የከሰሰ ሰው አልነበረም። እኔ እንደማምነው ግን ያ ልጅ በዚያ ዓመት ከቆመባቸው ቦታዎች ሁሉ ደልዳላው ያ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የያዘው ሥራ የሎተሪ አዟሪነት ነው። ከጋይንትና ከእስቴ ወጥተው በመዲናዪቱ ጎዳናዎች ዕጣ የሚያዞሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ የአገራቸው ልጅ መንገዱን ያሳያቸዋል፤ አንዱ ሌላውን ይስባል። ከዓመታት በኋላ አግኝቼው አንዱን ትኬት ለራሱ ገዝቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀ። «እኔ የምሸጠውን አውቃለሁ» አለኝ። «አንዱ ሲደርሰው አይቻለሁ፤ ሲደርሰው ያየሁት ግን ምንም አላደረገም። ቁጥሩ ነው የደረሰው።» ከዚያም ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ በአየር ላይ አንድ ጊዜ አዞረው።

ባለፈው ዓመት ስልክ ደውሎ ስለ ልጁ አጫወተኝ። ልጁ ያደገው ንፋስ መውጫ፣ ከአያቱ ዘንድ ነው። «ቤቲንግ ቤት ገባብኝ፤ አንተ ስትሄድ አናግርልኝ» አለኝ። በየከተማው የተበራከቱትን የስፖርት ውርርድ ቤቶች አንባቢዬ ያውቃቸዋል። ወጣቱ ስክሪን ፊት ይቀመጣል፤ የስምንት ግጥሚያዎችን ውጤት ይገምትና ትኬት ይቆርጣል። አንዱ ከሳተ ሁሉም ይወድቃል። እያንዳንዱን ግጥሚያ እንደ ሳንቲም ውርወራ እኩል በእኩል ብንቆጥረው እንኳ ስምንቱንም የመገመት ዕድል ከ256 አንዱ ነው። ይህን ሳስብ የፒንቦል ታሪክ ወደ ኋላ ሲሽከረከር ይታየኛል። በዚያ ማሽን ላይ ሰው ከዕጣ ተነሥቶ እጁን እስኪያስገባ ድረስ ከባጋቴል ዘመን ጀምሮ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ፈጀበት። የእኛ ልጆች ግን እጃቸው ካለበት ጆተኒ ተነሥተው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር ኳስ ሲመቱ ቆሞ ወደ ማየት ደረሱ።

ልጁን አገኘሁት። ትሑት ነው፤ እንደ አገሩ ወግ አንቱ እያለ አናገረኝ። ስለ መቅዘፊያዎቹና ስለ ኒው ዮርኩ ምክር ቤት ነገርሁት፤ በጸጥታ አዳመጠኝ።

«ሽልማት ሰጡት?» አለኝ ስጨርስ።

«አልሰጡትም። እገዳውን አነሡለት።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያም «ጋሼ፣ አንቱ ቤቲንግ ዕጣ ነው ይሉኛል» አለኝ። «ፈተናውስ?»

መልስ አጠረኝ። እርሱ ፈተናውን የወሰደው በ2014 ዓ.ም. ከተማሩት ጋር ነው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደርሶ የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ለዘጠኝ ቀናት ያህል ይዘዋት ነበር፤ በእነዚያ ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። ልጁ ለፈተናው ሲያጠና የነበረው በዚያች ከተማ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ከመቶ ሦስት ሰው የሚያልፍበትን በርና ከ256 አንድ የሚደርስበትን ትኬት በአንድ ዓይን ቢያያቸው ሰነፍ ነው ብዬ ልፈርድበት አልችልም። ልዩነቱ እንዳለ አውቃለሁ፤ በፈተናው ውስጥ እጁ አለ፣ በትኬቱ ውስጥ የለም። ነገር ግን ሜዳው እንዲህ ባዘነበለበት፣ የእጅን ጥቅም ለልጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ማታ አባቱ ደወለ።

«ምን አልኸው?»

«እጅህ ያለበትን ነገር ያዝ አልሁት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«የት አለ? አለኝ።»

ከስልኩ ወዲያ የመኪና ጥሩምባና የወያላ ጥሪ ይሰማል። ወዳጄ ለረዥም ጊዜ ምንም አልተናገረም። በመጨረሻ «እውነቱን ነው» አለ፤ ተሰነባበትን።

አሥር አለቃ ካረፈ ቆይቷል፤ ጠረጴዛውም ዛሬ የለም። ወጣቶቻችንን ከውርርድ ቤት ውጡ የምንል ብዙዎች ነን፤ አንዳንዶቻችንም እንደ ከንቲባው መዶሻ ብናገኝ ደስ ይለናል። የኒው ዮርኩ መዶሻ ግን ፒንቦልን ጨዋታ አላደረገውም፤ ጨዋታ ያደረጉት ለተጫዋቹ እጅ ቦታ የሠሩለት ሰዎች ናቸው። ልጁ ላነሣው ጥያቄ መልስ የሚጠበቀው ከእርሱ ሳይሆን ከእኛ ከታላላቆቹ ነው። ሥራም ይሁን ትምህርት፣ ጨዋታም ይሁን ንግድ፣ እጃቸው የሚታይበትን ቦታ ማሰናዳት፣ ካሰናዱም በኋላ ጎንበስ ብሎ ሜዳው ማዘንበል አለማዘንበሉን ማየት፣ ካዘነበለም ድንጋይ መፈለግ የእኛ ዕዳ ነው። በጋይንት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድንጋይ ጠፍቶ አያውቅም።